የጉርጥ ቆዳ

ክረምት ሲገባ እኛ ኮልፌ ቀራንዮ፣ በተለይ ቤቴልና ዓለም ባንክ አካባቢ፣ ማታ ማታ ጉርጥ ከየቦዩ ይወጣል። ሰሞኑን አንዱን በስልኬ መብራት ጎንበስ ብዬ ሳይ አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ እንዳይነኩት፣ መርዝ ይረጫል!» ብሎ ጮኸብኝ።

መርዙስ እውነት ነው፤ መርጨቱን ግን የሰፈር ወሬ ጨመረበት። ከዓይኑ ኋላ ግራና ቀኝ ሞላላ እብጠት አለ። ውሻ ሲነክሰው ከዚያ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል፤ ውሻው አረፋ ይደፍቃል፣ ብዙ ከዋጠም የልብ ምቱ ይዛባል። ፈሳሹ የልብ ሴሎች ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያመጣጥኑበትን ፓምፕ ያግዳልና። ሰው ቢነካውስ? እጁን ይታጠብ፣ አለቀ።

የእኛው ጉርጥ አፈር መስሎ ተደብቆ ይኖራል። ፓናማ ያለው ዘመዱ፣ አቴሎፐስ ዜቴኪ የሚባለው፣ ተቃራኒው ነው። ወርቅ የመሰለ ቢጫ ሆኖ ላዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ በጠራራ ቀን በጅረት ዳር ይንጎራደዳል። ማን ይነካዋል? ቆዳው ውስጥ ያለው ዜቴኪቶክሲን ነርቭን የሚያሽመደምድ ነው፤ ቢጫውም «ብትበላኝ ወየውልህ» ማለቱ ነው። ደግሞ የፊት እግሩን እያነሳ ለብጤው ሰላምታ ይሰጣል፤ ፏፏቴው በሚጮህበት ቦታ ድምፅ ብቻውን አይበቃማ። ፓናማዎች ስለሚወዱት ምስሉን ሎተሪ ቲኬት ላይ ሳይቀር አትመውታል፣ ነሐሴ ላይ የራሱ ቀን አለው።

ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ በዱር መታየቱ አልተረጋገጠም። በሕይወት የተረፈው በመካነ እንስሳትና በማራቢያ ጣቢያ ነው። የጨረሰው ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ ነው፤ መርዝ አይቀምስ፣ ቀለም አያይ። ጉርጥ ውሃ በአፉ አይጠጣም፣ በቆዳው ይስባል እንጂ፤ ጨውም የሚያስገባው በዚያው ነው። ፈንገሱ ቆዳው ላይ ሲራባ ይህ መንገድ ይዘጋል፣ የደሙ ሶዲየምና ፖታሲየም ይወርዳል፣ በመጨረሻም ልቡ ቀጥ ይላል። አያችሁ ነገሩን! ጉርጥ የጠላቱን ልብ የሚያጠቃው በሶዲየምና በፖታሲየም በኩል ነበር፤ እሱንም የገደለው ፈንገስ በዚያው በኩል መጣበት። ይህቺን ደጋግሜ አነበብኳት።

ለምን ነገርኳችሁ? ፈንገሱ ባሌ ስለደረሰ ነው። እዚያ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ ጉርጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይንስ የመዘገበው አልቲፍሪኖይደስ ማልኮልሚ። ትንሽዬ ናት፤ እንቁላሏን እንደ ሌሎቹ ኩሬ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች። ከብት የሚረግጠው፣ ደን የሚመነጠረው መሬት ደግሞ ይኸው መሬት ነው። ባሌ የምንሄደው ቀይ ቀበሮ ልናይ ስለሆነ ማንም ልብ አይላትም።

ባሌ ውስጥ ወደ ሐረና ወይም ወደ ሳነቴ የምትሄዱ ካላችሁ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ከመሻገራችሁ በፊት የጫማችሁን ጭቃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ፈንገሱ በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል፤ ድርቀት አይችልም።