ከጥምቀት በፊት ስለ ነበረው ዘመኔ

ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና በሚነሣበት ቤት ለተወለደ ሰው «ከማመኔ በፊት» የሚባል ዘመን በአሳብ እንጂ በትዝታ አይገኝም፤ እንደ እኔ ጎልማሳ ሆኖ፣ በንኡሰ ክርስቲያንነት ተምሮ ወደ ጥምቀት ለቀረበ ግን ያ ዘመን እናትና አባት፣ የልጅነት ቋንቋና የልጅነት ጸሎት ያሉበት የዕድሜው እኩሌታ ነው። ይህን ከጅቡቲ ከተማ፣ ከካርቲየ 5 ሆኜ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ምስክርነት ስጥ በተባልሁ ቁጥር ያ ዕድሜ ጨለማ ብቻ ሆኖ እንዲነገር የሚጠበቅብኝ መሆኑ ነው።

እኔ ከሙስሊም ወላጆች በሐረርጌ ቆላ ተወለድሁ። የእግዚአብሔርን መኖር በመጀመሪያ የሰበከችልኝ፣ ሳይነጋ ተነሥታ እጅዋንና እግርዋን ታጥባ በምንጣፍዋ ላይ የምትሰግደው እናቴ ናት እንጂ በዐውደ ምሕረት የቆመ መምህር አይደለም። እንግዳ ሳይበላ አለመብላትን፣ ለነዳይ የሚሰጠውን ከተረፈው ሳይሆን ከመጀመሪያው መቁረስን፣ የሰው ገንዘብ እሳት መሆኑን ከእርስዋ ተማርሁ። በኋላም የመጀመሪያው ዐቢይ ጾሜ ሲደርስ የመምህሬ ትምህርት ለአእምሮዬ አዲስ ሆነ እንጂ ለሆዴ አዲስ አልሆነም። ጨለማ አልነበረም አልልም፤ ነበረ፤ ነገር ግን ያ የጫትና የቂም ጨለማ ከራሴ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ ምስክርነቴ እንዲያምርልኝ ብዬ በእናቴ ቤት ላይ ብጭነው ኀጢአት ይሆንብኛል።

የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የሚተርክልን የሕንደኬ ጃንደረባ ከመጠመቁ በፊት ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስም በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስም መጽሐፉን ከእጁ ነጥቆ ሌላ አልሰጠውም፤ ሲያነበው ካገኘበት ስፍራ ጀምሮ ተረጐመለት። እኛ ግን ይህን ምዕራፍ ስናነብ ወደ ውሃው እንቸኩላለን።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አሳቤን የሚያጸናልኝ የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ ታሪክ ነው። (ሁለቱም የወንጌላውያን ማኅበር ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ግን ከእነርሱ ከመማር አያግደኝም።) ኦነሲሞስ በ1850ዎቹ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ተነጥቆና ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምፅዋ ከደረሰ በኋላ በ1870 ነፃ ወጣ፤ በእምኩሉም ለስዊድን ሚሲዮን ተሰጥቶ በ1872 ተጠመቀ። አስቴርም እንዲሁ በባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ኢጣሊያኖች ከመርከቡ አውርደዋት ወደዚያው ወደ እምኩሉ መጣች። በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የኦነሲሞስ ስም ገንኖ ይነገር እንጂ፣ ከቤቱ እጅግ ልጅ ሳለ የተለየው ኦነሲሞስ ከቋንቋው ብዙ ያመለጠው ስለ ነበር፣ የአገርዋን አነጋገር በልብዋ ይዛ የደረሰችው አስቴር ባትኖር ሥራው በዚያ መልክ ባልተፈጸመ ነበር። እርስዋ ከቤትዋ የሰማቻቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች 500 ያህል ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች፤ ከእነዚህም 79ኙ በ1894 በታተመው የማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። እስቲ አስቡት፤ ክርስቲያን የሆነችው ወጣት ለክርስቲያን ልጆች ማስተማሪያ ይሆን ዘንድ ያቀረበችው፣ ወንጌልን ከመስማትዋ በፊት የሰማችውን የእሳት ዳር ጨዋታ ነበር። ያን ዘመን የአሕዛብ ነው ብላ ጥላው ቢሆን ኖሮ ምን ይዛ በቀረበች?

ባርነቱን የጸጋ መንገድ አድርጎ ስለ እርሱ ምስጋና የሚያቀርብ ሰባኪ ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። እግዚአብሔር ከክፉው መካከል መልካምን ማውጣቱ ክፉውን አያጸድቀውም፤ ምስጋናዬ ሕፃኑ ከመነጠቁ በፊት ላሳደገው ቤት ነው። እኔ ከምኖርበት ሰፈር ባሕረ ሰላጤውን ተሻግራ የምትገኘው ታጁራ የዚህ የነጠቃ ንግድ በር ነበረች። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር 204 የኦሮሞ ምርኮኞች የተጫኑባቸውን ሦስት ጀልባዎች ያዘ፤ በኋላም ከነፃ ወጪዎቹ ልጆች 64ቱ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪቃ፣ ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። ነፃ ሲወጡ የተቀበሏቸው ሚሲዮናውያን ልጆቹን እያንዳንዳቸውን ጠይቀው ታሪካቸውን መዝግበዋል፤ መዝገቡም የአባትና የእናት፣ የወንድምና የእኅት፣ የመሬትና የከብት ዝርዝር ያለበት ነው። ያንን ዝርዝር ሳስብ ልጆቹ ባዶ ሆነው ወደ ሃይማኖት ደጅ አልመጡም እላለሁ።

እዚህ ካርቲየ 5 እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ዓርብ ግን ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ሰዉ ወደ መስጊድ ሲጐርፍ የቀረነው ጥቂት ሐበሾች በጥላ ሥር ቁጭ እንላለን። በቆርቆሮና በጣውላ በተሠሩት ቤቶች መካከል የምትኖር አንዲት የአፋር ባልቴት፣ ማተቤን እያየች፣ በበጋው ሐሩር ከእንስራዋ ቀድታ ውሃ ትሰጠኛለች፤ አላህ ይጠብቅህ ትለኛለች፤ እኔም አሜን እላለሁ። አንዳንድ ወንድሞች ይህ አሜን ቅር ያሰኛቸዋል። እኔ ግን ይህን ምርቃት ልጅ ሳለሁ ከእናቴ ስቀበለው ኖሬ፣ ዛሬ በስደት አገር ከእናት ዕድሜ ሰው ስሰማው ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

ለመጪው ጉባኤ ደግሞ ምስክርነት እንድሰጥ ታዝዣለሁ። ከእናቴ ስግደት እንደምጀምር ለአባታችን ለቄሱ አስቀድሜ ነገርኋቸው፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው «አሳጥረው ብቻ» አሉኝ። እንደማላሳጥረው ግን ከአሁኑ አውቃለሁ።