የቤት ትምህርት ከእጅ ይጀምር

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የየቤታችን ጓዳ ክፍል ሆኖ ነበር። ሕፃናትን በቤት ምንና እንዴት እናስተምር? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለጉለሌ ልጆች ዛሬ ዕጩ መምህራን ሆነንም አለቀቀንም። ስንመካከር የዋልዶርፍን ዘዴ መረጥን፤ እንዳለ ግን አይደለም።

ይህን ዘዴ ሩዶልፍ ሽታይነር በ1919 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር፣ በሽቱትጋርት፣ ለሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት ጀመረው። ሕፃን እስከ ሰባት ዓመቱ ገደማ ንባብ አይጫንበትም፤ ይጫወታል፣ ተረት ይሰማል፣ በእጁ ይሠራል። ፊደልም ከሥዕል ይወጣለታል።

ታዲያ ለዚህ ከባሕር ማዶ ዕቃ ማስመጣት ምን አመጣው? የእኛው «በ» ስሙ ቤት ነው፣ መልኩም ቤት ይመስላል፤ «ዐ» ዐይን ነው፣ ክብ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለት የሚያወጣው ክር እየቆጠረ ነው፤ ይኼ ሒሳብ አይደለም እንዴ? ጭቃውም ከነባለሙያዋ ቀጨኔ አለ።

ሁለት ነገር ግን እንለይ። ሕፃን እንዝርት ቢያሾር ትምህርት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቀሰም ሲያጠነጥን ከዋለ ግን የጉልበት ብዝበዛ ነው። ፊደሉንም አናዘግይ፤ መጽሐፍ በሌለበት ቤት የሚያነብለት ማን አለና!

ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ሲናቅ በኖረበት አገር፣ የእናቱ ሙያ ትምህርት ሆኖ ያየ ልጅ አንገቱን አይደፋም። ጓደኞቻችን፣ ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ሞክሩትና በዚሁ ግድግዳ ጻፉልን።