የሁለት ሞተር ፈቃድና የወላጆች ትዕግሥት

ልጅን ማስተማር በጎ ነገር መሆኑን የማያውቅ ወላጅ የለም፤ ዳሩ ግን ትምህርቱ የሌላውን ሰው ሕይወት በልጁ እጅ የሚያስጨብጥ በሆነ ጊዜ፥ ወላጅ ምን ያህል ሊረዳ፥ ምን ያህልስ እጁን ሊሰበስብ እንደሚገባው አጥብቆ ያሰበበት ሰው ብዙ አይደለም። እኛ በድሬዳዋ አጠገብ በመልካ ጀብዱ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ሴት ልጃችን የአይሮፕላን አብራሪነት ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ይህ ነገር በቤታችን ስለ ደረሰ፥ ያየነውንና የተረዳነውን ለክቡራን አንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በእኛ አገር የመጓጓዣ ነገር እንግዳ አይደለም። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የምድር ባቡር ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ናትና፥ ከአካባቢያችን ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ወይ ራሳቸው ወይ አባቶቻቸው በሐዲድ ሥራ ያደጉ ናቸው። አይሮፕላንም ከድሬዳዋ ሜዳ ሲነሣ ድምፁን ከግቢያችን እንሰማለን። ስለዚህ ልጃችን «አብራሪ ልሁን» ባለች ጊዜ መርቀን ወደ አዲስ አበባ ላክናት፤ ባለ አንድ ሞተሩን አይሮፕላን ብቻዋን ባበረረች ዕለትም ጎረቤት ጠርተን ቡና አፍልተን ደስ አለን።

ጭንቀት የገባን ወደ ሁለት ሞተር ትምህርት ባለፈች ጊዜ ነው። ለዕረፍት ወደ ቤት መጥታ ስትጫወት፥ መምህሩ በአየር ላይ ሳሉ ሆነ ብሎ አንዱን ሞተር እንደሚያጠፋባት ነገረችን። እናቷ ይህን በሰማች ጊዜ የያዘችውን ሲኒ አስቀምጣ፥ «ልጄ፥ በሰማይ ላይ ሞተር የሚያጠፋ እንዴት ያለ መምህር ነው?» አለቻት። ልጅቱም፥ «እማዬ፥ ሞተሩ አንድ ቀን ራሱ ሊጠፋ ይችላልና፥ ያን ጊዜ ብቻዬን ሆኜ ከማየው ዛሬ ከመምህሬ ጋር ሆኜ ብለምደው አይሻልም?» ብላ መለሰችላት። እናቷ ግን በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በማግሥቱም «ትምህርቱ እዚህ ላይ ይብቃት» የሚል አሳብ አነሣች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ልጃችንን ብዙ ጠየቅናት።

ብዙ ሰው ሁለት ሞተር ካለ አንዱ ቢሞት ሌላው ተሸክሞ ያደርሳል፥ ስለዚህ ጭንቀት የለም ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሞተሮቹ በሁለቱ ክንፎች ላይ ያሉ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ሲቆም ሌላው ብቻውን ስለሚስብ አይሮፕላኑ ወደ ሞተው ወገን ይዞራል። የባለቤቴ አባት በጨርጨር ገበሬ ነበሩና፥ እርሷ ይህን ስትሰማ፥ «እንግዲያው ነገሩ እንደ ጥማድ በሬ ነዋ! አንዱ በሬ ሲተኛ ሌላው በጎተተ ቁጥር ሞፈሩ ወደ ተኛው ይዞራል» አለች። ልጃችንም ምሳሌው ትክክል መሆኑን ተናግራ፥ ልዩነቱ ገበሬው ቆሞ በሬውን ሊያስነሣ ሲችል አብራሪ ግን በአየር ላይ ሊቆም አለመቻሉ ነው አለች።

ከዚህም በላይ፥ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ሲጠፋ የሚቀነሰው ኃይል ግማሽ ቢሆንም፥ አይሮፕላኑ ወደ ላይ የመውጣት ችሎታው 80 በመቶ ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይጠፋል። ግማሹ ኃይል አብዛኛውን የሚፈጀው አይሮፕላኑን በአየር ላይ ለማቆየት ብቻ ነውና፥ ለመውጣት የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሞተር ጥቅም የሚሰጠው እጁና እግሩ በሚገባ ለሠለጠነ ሰው ነው፤ ላልሠለጠነ ግን ራሱ ሁለተኛ አደጋ ይሆንበታል።

የሥልጠናውም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ሞተር በጠፋ ጊዜ ተማሪው በመጀመሪያ የጅራቱን መሪ በሚያዝዘው የእግር መርገጫ አይሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ግራው ሞተር ከሞተ ቀኝ እግር ይረግጣል፥ ግራው እግር ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታው እግር የሞተውን ሞተር ያመለክታል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አይታመንም፤ የተጠረጠረውን ሞተር የኃይል እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ስቦ፥ ምንም ለውጥ አለመኖሩን አይቶ ያረጋግጣል። ከዚህ በኋላ የቆመው ውልብልቢት ነፋስ እንዳይገታ ስለቱን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። ልጃችን በተማረችበት ዳያመንድ 42 በሚባለው ቀላል አይሮፕላን ይህ የሚሆነው የሞተሩን ዋና ማብሪያ በማጥፋት ነው። ስለዚህ በድንጋጤ ተሳስቶ ደኅናውን ሞተር የሚያጠፋ ሰው፥ ሁለት ሞተር ይዞ ያለ ሞተር ይቀራል።

በፍጥነት መለኪያውም ላይ ሁለት መስመሮች አሉ። ቀዩ መስመር፥ ከእርሱ በታች ፍጥነቱ ቢወርድ እግር የቱንም ያህል ቢረግጥ አይሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ የማይቻልበት ነው። ሰማያዊው መስመር ደግሞ በአንድ ሞተር ከሁሉ የተሻለ መውጣት የሚገኝበት ፍጥነት ነው። የአገራችንም ጠባይ ለዚህ ሥራ ጽኑ መምህር ነው፤ የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ የእኛ ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1160 ሜትር ዝቅ ብትልም ሙቀቷ ብርቱ ነው። ከፍታም ሙቀትም አየሩን ያሳሱታልና፥ ክንፉም ውልብልቢቱም የሚይዙት አየር ይጎድላቸዋል።

ይህን ሁሉ ከተረዳች በኋላ እናቷ፥ «እንዲህ ከሆነስ መምህሩ ደጋግሞ ያጥፋባት» ብላ ልጅቱን ራሷ መርቃ ወደ አዲስ አበባ መለሰቻት።

ነገር ግን ሌላ ፈተና ገና ይጠብቀን ነበር። አብራሪ በዓለም ሕግ ለንግድ በረራ ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜው 18 ዓመት ሊሞላ፥ 200 ሰዓት፥ በታወቀ ትምህርት ቤት ከተማረም 150 ሰዓት ሊበርር ይገባዋል፤ ብዙ ሞተር ያለውን አይሮፕላን ለማብረር ግን በተለይ ተፈትኖ በፈቃዱ ላይ ሊጻፍለት ያስፈልጋል። ልጃችን ለዚህ ፈተና በቀረበች ዕለት እግሯ ትክክለኛውን ረገጠ፥ የሞተውንም ሞተር በትክክል ለየች፤ ዳሩ ግን ቶሎ ከፍ ልበል ስትል ፍጥነቷ ከሰማያዊው መስመር በታች ወረደ። ፈታኙም «አልደረስሽም» ብሎ መለሳት። በስልክ ስታለቅስ ሰማን፤ እኛም አለቀስን።

ወሬው በዘመድ መካከል ከተሰማ በኋላ፥ በማዕረግ ከፍ ያለ አንድ ዘመዳችን በቅን ልብ ወደ ቤታችን መጥቶ፥ «የሚሰማኝ ወዳጅ አለኝና አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ነገሩ ይቀላል» አለን። ይህን ዘመድ እናከብረዋለን፤ በችግራችን ቀን ያልተለየን ሰው ነው። ሆኖም ባልና ሚስት ለብቻችን ተመካክረን፥ «ጋሼ፥ ስለ አሳብዎ እግዜር ይስጥልን፤ ደብዳቤው ወረቀቱን ሊያስገኝላት ይችል ይሆናል፤ ሞተር በቆመ ጊዜ ግን ደብዳቤ የሚያነብ የለም» ብለን መለስንለት። ለጥቂት ጊዜ ቅር አለው፤ በኋላ ግን እርሱም የልጅ ልጆቹ በአይሮፕላን የሚሄዱ መሆናቸውን አስታውሶ ዝም አለ።

ለልጃችንም በስልክ የነገርናት፥ «ወደ መምህርሽ ተመለሺና በጎደለሽ ላይ ሥሪ» የሚል ነው። ከዚህ በፊት የነበሩት አብራሪዎች በምን መንገድ እንደ ሄዱ አስታወስናት። የመጀመሪያው አይሮፕላን በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ለመብረር የበቁት ተምረው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው በባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን ነበር፤ በዋና አብራሪነት ወንበር ግን በዚያን ጊዜ የሚቀመጡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው አለማየሁ አበበ ለዚህ ማዕረግ የበቁት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከሴቶችም አምሳለ ጓሉ በአየር መንገዱ የመጀመሪያይቱ ሴት ካፒቴን የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ማዕረጉ ከሥራው ቀድሞ ቢሰጥ ኖሮ ተሳፋሪ አያምናቸውም ነበር።

ልጃችን ሁለት ሳምንት ያህል ከተለማመደች በኋላ ሁለተኛ ተፈተነች፤ በዚህም ጊዜ ሰማያዊውን መስመር ሳትለቅ ስለ ያዘች ፈቃዱ ተጻፈላት። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ቡናውንም እንደ ቀድሞው አፍልተናል። ነገር ግን ከዚያ በኋላም በመንገደኞች አይሮፕላን የሚያበርር ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚፈተን ነግራናለችና፥ ፈተናው የተፈጸመ ሳይሆን የተጀመረ መሆኑን ዐውቀናል።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በተለይም ቃላችሁ በብዙ ደጅ የሚሰማላችሁ፥ ልጆቻችሁን ወደ እንዲህ ያለ ሙያ ስትልኩ ስንቃቸውን፥ ምርቃታችሁንና ትዕግሥታችሁን ስጧቸው፤ አማላጅነታችሁን ግን አስቀሩባቸው። መምህርም ልጃችሁን ገና ነው ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ፥ በእርሱ ላይ ከመቆጣታችሁ በፊት ልጁ ወደ ፊት ከኋላው የሚያሳፍራቸውን የሰው ልጆች አስቡ።