ከባቲ እስከ ደሴ፦ የነርስ ትምህርት ቤት ፍለጋ



ጉዟችን የባቲ ሰኞ ገበያ በዋለ ማግስት ነበር። አብረውን የተጓዙት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪያችንና አባቷ ናቸው። አባት ትናንት ከሸጧቸው ሁለት ፍየሎች ያገኙትን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥረው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። ልጃቸው ነርስ መሆን ትሻለች። የብሔራዊ ፈተናዋ ውጤት ካልተሳካ የምትገባበትን ኮሌጅ ከወዲሁ ማየት ፈልገዋል። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ካሉበት አስመዘግባታለሁ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉን።

ይህ አመኔታ አስጨነቀን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምክር የጠየቀንን አንድ ተማሪ «ቅርብ ነው፣ ክፍያውም ይቀላል» ብለን ወደ አንድ የግል ኮሌጅ መርተነው ነበር። ለካ ኮሌጁ ፈቃድ ያገኘው በሌላ ከተማ ላለው ቅርንጫፉ እንጂ ልጁ ለተማረበት አልነበረም! ሁለት ዓመት ለፍቶ የያዘው ወረቀት የትም አላስቀጠረውም። እኛ የበሩን ሰሌዳ እንጂ የፈቃዱን ደብዳቤ አላየንም ነበር። ልጁ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘን በአክብሮት ሰላም ይለናል፤ ሰላምታው ከወቀሳ ይልቅ ይከብደናል።

ከባቲ ኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ መኪና ቀይረን የደሴን ዳገት ተያያዝነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መንገድ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። የቆላው ሙቀት ወደ ኋላ ቀርቶ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲቀበለን አባት በመስኮት እያዩ «እዚህ ብርድ ውስጥ ነው የምትማሪው?» አሏት። ልጅቱ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ፈገግ አለች።

ደሴ ለእንዲህ ያለው ፍለጋ የምትመች ከተማ ናት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1999 የተመሠረተው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በጤና ዘርፍ የሚያስተምረው እዚሁ ነው። የመንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅና የግል ኮሌጆችም አሉ። በ2014 ጦርነት ተዘርፎና ተጎድቶ የነበረው የደሴ ሆስፒታል ዳግም አገልግሎት ይሰጣል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ።

በመጀመሪያ የገባንበት ኮሌጅ ሕንጻው ያማረ፣ አቀባበሉም የሞቀ ነበር። መዝጋቢው «ዛሬ ከተመዘገባችሁ ቅናሽ አለ» ሲሉ የአባት እጅ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። «ይቆዩ አባባ» ብለን የፈቃዱን ደብዳቤ እንዲያሳዩን ጠየቅን። «ኃላፊው ዛሬ የሉም፤ ነገ ኑ» ተባልን።

ሁለተኛው ኮሌጅ ግድግዳው የተላላጠ አሮጌ ቤት ነው። ደብዳቤው ግን የሙያውን ዓይነትና ያለንበትን ግቢ ስም ጠቅሶ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሏል። የመለማመጃ ክፍሉን ከፍተው አልጋውንና የሰው ምስሉን አሳዩን። ተማሪዎቹ በየትኛው ሆስፒታል፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚለማመዱ የሚገልጽ መዝገብም አላቸው።

ከዝሁር በኋላ በአንድ ሆስፒታል በር ላይ የቀድሞ ተማሪያችን የሆነች ሲስተር አገኘችን። የሌሊት ተረኛ ሆና ስላደረች ዐይኖቿ ቀልተዋል። «ሕንጻውን አትዩ» አለችን። «መርፌ መውጋት የተማርኩት በአሻንጉሊት ነው፤ ፍርሃቴ የለቀቀኝ ግን በሽተኛ አጠገብ ነው። በአንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ እንደሚቆም ጠይቁ። አሥራ አምስት ከሆኑ፣ የኋለኞቹ የሚያዩት የጓደኛቸውን ጀርባ ነው።»

አባት ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ልጄ፣ የሴት ልጅ ሌሊት ውጭ ማደር፣ ወንድ በሽተኛ ማከም እንዴት ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁ። ሲስተሯ አልተቆጣችም። «አባባ፣ የእርስዎ ባለቤት ቢታመሙ ማን እንዲያጥባቸው ይፈልጋሉ?» አለቻቸው። እኛም ሩፈይዳ አል-አስለሚያን (ረ.ዐ) አስታወስናቸው። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቆሰሉ ጊዜ በመስጊዱ ግቢ በተተከለው ድንኳኗ እንዲታከሙ ያዘዙት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ይህ ማለት ግን መጠየቅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ስለ ሌሊት ተራ መጓጓዣ፣ ስለ ደንብ ልብስና ሒጃብ፣ ስለ ሶላት ቦታ መጠየቅ የሚገባው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ነው።

ዝም ብላ ስታዳምጥ የቆየችው ልጅ ድንገት «እህቴ፣ በሽተኛ ሲሞትብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች። ይህን ጥያቄ እኛ መምህሯ አላሰብነውም ነበር። ሲስተሯ ጥቂት ዝም ብላ፦ «ዐይኑን እከድናለሁ። ቤተሰቡን አስቀምጬ አጽናናለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ እሄዳለሁ» አለቻት። ልጅቱ አንገቷን ነቀነቀች።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! አንደኛው መንገድ በብሔራዊ ፈተና ውጤት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አራት ዓመት መማር ነው። ሆኖም በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ እንደነበሩ አንርሳ። ሁለተኛ ምርጫ መያዝ ብልህነት ነው። በደረጃ የሚሰለጥን ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ይጠብቀዋል። ዲግሪ የሚማረውም ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ከዚያም የሙያ ፈቃድ ፈተና ይከተላል። ስለዚህ የኮሌጁ ተማሪዎች በእነዚህ ፈተናዎች ምን ያህል እንደሚያልፉ መጠየቅ መብታችን ነው።

ወደ ባቲ ስንመለስ መሐረቡ እንደተቋጠረ ነበር። ተማሪያችን ለፈተናው ትዘጋጃለች፤ ካልተሳካ ግድግዳው የተላላጠው ኮሌጅ አለ። አባት ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው «ፍየሎቼ ዛሬ ከጅብ ተረፉ» አሉን። ሳቅን፤ ግን ያ በአክብሮት ሰላም የሚለን ልጅ ከዐይናችን አልጠፋም።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በጠቃሚ ዕውቀት ያንጽልን፤ ምክር ለምንጠየቀውም አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።