ገማች የሌለበት ግብር

አሜሪካ ውስጥ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ አይሰጥም፣ ሲጋራ አይገዛም፣ ብዙ ባንኮች ያለ ወላጅ ፊርማ ሒሳብ አይከፍቱለትም። ግብር ግን ይከፍላል። ቀጣሪ ሳይኖረው በራሱ ሠርቶ፣ ወጪው ተቀንሶ በዓመት 400 ዶላር ካተረፈ ፎርም የመሙላት ግዴታ አለበት። አራት መቶ! ይህ ቁጥር ሥራ ላይ የዋለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ነው፤ ያኔ ጃንሆይ ዙፋን ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዳቦው፣ ቤንዚኑ፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ ሰማይ ሲወጣ እሱ ንቅንቅ አላለም።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ2024 አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ለሠርግ ቪዲዮ አንሺዎች ቪዲዮ አቀናብራለሁ፣ ለዩቲዩብ ቻናሎች ደግሞ ከሥር የሚሄደውን የአማርኛ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ስምንት ደንበኞች ነበሩኝ፤ ሁሉም ሐበሾች፣ ሁሉም "ለነገ ይድረስልኝ" ባዮች። የሚከፍሉኝ በዜል ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ደምሬ ሳየው 3,400 ዶላር ገብቷል።

ብሩ የእኔ ነው፣ ጭንቀቱ ግን የእማዬ ሆነ።

እማዬ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ፣ የልጆች ልብስ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበራት። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት የሚባለው ነገር አገሩን እንዴት እንዳንጫጫው ታስታውሱ ይሆናል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው ገማቾቹ መጥተው ቆመው መደርደሪያውን ሲያዩ፣ "በቀን ስንት ትሸጫለሽ?" ሲሏት፣ እሷ ስትመልስ፣ እነሱ ሲጽፉ ነው። እሷ ያለችውና እነሱ የጻፉት እንዳልተገናኘ ያወቀችው ወረቀቱ ሲመጣ ነው። በዓመቱ ዲቪያችን አልቆ ወጣን፤ ሱቁን ለጎረቤት አስረከበችው። ፍርሃቷን ግን ይዛው መጣች። መንግሥት ገቢ እንዳለሽ ከሰማ ይገምትሻል፤ ስለዚህ አለመሰማት ነው። የእሷ እምነት ይኸው ነው፣ ከልምድ የመጣም ስለሆነ አልስቅበትም።

በዚያ ላይ የዜግነት ማመልከቻዋን አስገብታ ቃለ መጠይቅ እየጠበቀች ነበር። ማመልከቻው ላይ ጊዜው ያለፈበት ያልተከፈለ ግብር አለብሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እሷ ዜጋ ከሆነችና እኔ አሥራ ስምንት ካልሞላኝ፣ አብሬያት እየኖርኩ ግሪን ካርድ ስላለኝ፣ እኔም በቀጥታ ዜጋ እሆናለሁ። ጥር ላይ ነው የተወለድኩት። ቀኑን ትቆጥር ነበር።

በየዓመቱ ታክስ የሚሠራላት ሰውዬ ጋ አብረን ሄድን። ሰውዬው ገቢዬን ሰምቶ ሳቀ። "ይቺን ብር ማን ይፈልጋታል? ወረቀት መጥቶልሻል? ካልመጣ ተይው።" ወረቀት ያለው 1099-ኤንኢሲ የሚባለውን ነው። በ2024 አንድ ድርጅት ለአንድ ሠራተኛ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከከፈለ ያንን መላክ ነበረበት። ከደንበኞቼ አንዱም 600 አልደረሰም፣ ዜል ደግሞ የራሱን ወረቀት አይልክም። ስለዚህ ሰውዬው ትክክል ነበር፤ ምንም ወረቀት አልመጣም። ግን የ600ው ደንብ የከፋዩ ግዴታ ነው፣ የ400ው የእኔ። ወረቀት ባይመጣም ገቢ ገቢ ነው። ይህን ነገር ብዙ የእኔ ዕድሜ ልጆች ሲቀላቅሉት አያለሁ።

ወደ ቤት መጥቼ መመሪያውን ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛው አድካሚ ነው፣ ግን የሒሳብ መጽሐፍ ያህል አይከብድም። የእማዬን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይዤ ገባሁ።

ዋናው ፍርሃቷ እኔን ከፎርሟ እንዳላስወጣት ነበር። ለብቻዋ ልጅ የምታሳድግ እናት ለልጅ የሚሰጠውን፣ በ2024 እስከ 2,000 ዶላር የሚደርሰውን ቅናሽ ታገኛለች፤ ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ ሌላም ይጨመርላታል። እኛ ቤት ይህ ገንዘብ ትርፍ አይደለም። የመኪናው ኢንሹራንስና የክረምቱ ጃኬት ከዚያ ነው የሚወጣው። ሕጉ ግን ልጁ ስንት አገኘ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልጁ ከመተዳደሪያው ከግማሽ በላይ ራሱ ሸፈነ ወይ ብሎ ነው። የቤት ኪራዩን የከፈለችው እሷ፣ ምግቡን የገዛችው እሷ። እኔ ባንክ ያስቀመጥኩት ብር ለኑሮ ስላልወጣ ከናካቴው አይቆጠርም። እኔ ማድረግ ያለብኝ "ሌላ ሰው እንደ ጥገኛ ሊያስመዘግብሽ ይችላል" የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። እሷን ዘሎ ቀድሞ ፎርሙን በኢንተርኔት የላከ ልጅ የእናቱን ፎርም ያስመልስባታል።

"ታዲያ በእኔ ፎርም ላይ አብረሽ ጨምሪው" አለች። አይቻልም። ወላጅ የልጁን የባንክ ወለድ በራሱ ፎርም ላይ ማካተት የሚችልበት መንገድ አለ፤ ልጁ ሠርቶ ያገኘውን ግን አይችልም። በራሴ ስም፣ በራሴ ፊርማ።

የገቢ ግብር የሚባለው ምንም አልሆነም። ጥገኛ የሆነ ልጅ በ2024 ሠርቶ ያገኘው እስከ 14,600 ዶላር ድረስ ከፌደራል የገቢ ግብር ነጻ ነው። ጉዱ ያለው ሌላ ጋ ነው፤ የራስ ሥራ ግብር የሚባለው። ይህ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና የሚሰበሰብ ነው፣ 12.4 ከመቶና 2.9 ከመቶ፣ በድምሩ 15.3። ተቀጣሪ ብትሆኑ ግማሹን አሠሪው ይከፍልላችኋል። በራሳችሁ ስትሠሩ አሠሪዋም ሠራተኛዋም እናንተው ናችሁ።

ከ3,400ው ላይ ወጪ ቀነስኩ። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ወርሃዊ ክፍያ፣ ሃርድ ዲስክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፤ ወደ 600 ዶላር። እማዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ "ስኒከርሽስ? እሱን ለብሰሽ አይደል ሠርጉ ቤት የሄድሽው?" አለችኝ። ስኒከር አይገባም፤ ለሥራው አስፈላጊ የሆነ ብቻ ነው። ቀረ 2,800። ሕጉ የዚህን 92.35 ከመቶ ይወስዳል፣ 2,586 ዶላር ገደማ ማለት ነው፤ በ15.3 ከመቶ ሲባዛ 396 ዶላር።

396 ዶላር ለእኔ ሁለት ወር የቅዳሜ ሥራ ነው። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽም። የበለጠ ያናደደኝ ደግሞ መመሪያው ውስጥ ያገኘሁት ነገር ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ሆኖ ጋዜጣ የሚያድል ልጅ ይህን ግብር አይከፍልም። እናትና አባቱ በግላቸው በያዙት ምግብ ቤት ውስጥ ለእነሱ ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅም እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነጻ ነው። ሕግ አውጪዎቹ በብስክሌት ጋዜጣ የሚያድለውን ልጅ አስበውለታል፤ መኝታ ቤቷ ተቀምጣ የሰው ሠርግ የምትቆርጠዋን አያውቋትም። ጋዜጣ አዳይ ልጅ ደግሞ እኔ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

እማዬ ግን አልተናደደችም። "ጡረታ ነው ያልሽኝ?" አለች። አዎ። በ2024 ለእያንዳንዱ 1,730 ዶላር ገቢ አንድ ነጥብ ይመዘገባል፣ በዓመት ከአራት አይበልጥም፤ የጡረታ መብት ለማግኘት አርባ ነጥብ ያስፈልጋል። እኔ አንድ አገኘሁ። እሷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እየሠራች ነው የራሷን የምታጠራቅመው፤ ስንት እንደደረሰች በቃሏ ታውቀዋለች። "በአሥራ ስድስት ዓመትሽ ጀመርሽ ማለት ነው" አለችና ተነሥታ ቡናውን ጣደች። ከዚያ በኋላ ስለ መደበቅ ያነሣ የለም።

እሷን እስከዛሬ የሚደንቃት ገማች አለመምጣቱ ነው። ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ፣ ወጪውን የቀነስኩት እኔ፣ ያስላሁት እኔ። "ማንም ሳያይሽ?" ትለኛለች። ማንም ሳያየኝ። ደረሰኞቹን ግን በካርቶን አስቀምጫለሁ፤ ከጠየቁ ማሳየት የእኔ ፈንታ ነው።

በ2025 ሐምሌ ወር ላይ ቃለ መጠይቋ ደረሰ። የእሷን የአምስት ዓመት ፎርም በአንድ ፎልደር፣ የእኔን በሌላ ፎልደር ይዛ ሄደች። መኮንኗ ስለ ግብር ስትጠይቃት "የለብኝም፣ የልጄም ተከፍሏል" አለቻት። ሴትዮዋ "ስለ ልጅሽ አልጠየቅኩሽም" ብላ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። እማዬ የእኔን ፎልደር ሳትከፍተው በመመለሷ እስካሁን ቅር ይላታል። ነሐሴ ላይ ቃለ መሐላ ፈጸመች፤ እኔም አብሬ ዜጋ ሆንኩ፣ ጥር ሳይደርስ።

ያው የልጅ ቅናሹ በዚያው ዓመት ወደ 500 ዶላር ወረደባት። በእኔ ገቢ ምክንያት ግን አይደለም፤ አሥራ ሰባት ስለሞላኝ ነው። ይህን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

አሁን ሥራው ስለበዛ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ፖስተሮቹን ይሠራልኛል። ደብሊው-8 ቤን የሚባለውን ፎርም ሙላ ብዬ ላክሁለት፤ "አሜሪካ የእኔን ፊርማ ምን ታደርግበታለች?" ብሎ ደወለ። የትም አይላክም፣ እኔው ጋ ነው የሚቀመጠው። ሥራውን የሠራው አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለሆነ አሜሪካ ከእሱ ክፍያ ላይ ግብር አትቆርጥም፤ ፎርሙ የአሜሪካ ሰው አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። ለእሱ የከፈልኩት ደግሞ ለእኔ ወጪ ሆኖ ይቀነሳል። እዚያ አገሩ ያለበትን ግዴታ እዚያው ይጠይቅ ብዬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት 6,000 ዶላር አተረፍኩ፣ ግብሩ 848 ሆነ። ዘንድሮ ከ1,000 ሊያልፍ ነው፤ 1,000 ከደረሰ ደግሞ ዓመቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለም፣ በአራት ጊዜ እየከፈሉ መሄድ ነው። ያለፈውን ዓመት 848 ለአራት ከፍዬ በየጊዜው 212 ዶላር ካስገባሁ ቅጣት የለብኝም። የመጀመሪያው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ፋሲካ ዘንድሮ ኤፕሪል 12 ላይ ይውላል፣ በሁዳዴ ሠርግ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን 212 የምከፍለው ካለፈው ጥር ካስቀመጥኳት ላይ ነው፤ የዳግማይ ትንሣኤ ሙሽሮች ገና አልከፈሉኝም።