የሸክላ ሠሪዋ ፊት

በአርባ ምንጭ ከተማ፥ በሲቀላ ሰፈር፥ በጥቁር መስመር ብቻ የተነደፈ ሥዕል እየተቀበለ በኮምፒዩተር ቀለምና ጥላ የሚሰጥ አንድ ወጣት አለ። ባለፈው ክረምት ለሕፃናት ንባብ የሚሆን የጨንቻ ገበያ ሥዕል ደረሰው። በሥዕሉም ላይ የዶርዜ ሸማኔ፥ ቆጮ የምትሸጥ ሴት፥ በዳርም የተቀመጠች ሸክላ ሠሪ ነበሩበት።

የሥራው መንገድ እንዲህ ነው። መስመሩ ብቻውን በላይኛው ንብብር ይቀመጣል፤ ከበታቹ ልብሱም ገላውም ሜዳውም በየቀለሙ አንድ ወጥ ሆኖ ይሞላል፤ በመካከላቸው የጥላው ንብብር ይገባል። ይህም የታችኛውን ቀለም አይሸፍነውም፥ ይባዛበታል እንጂ፤ ነጭ የሆነው ስፍራ የታችኛውን እንዳለ ያሳልፋል፥ ቀለም ያለበት ግን ያጠቁረዋል። እንግዲህ ጥበቡ ብርሃን ከወዴት እንደሚመጣ አስቀድሞ መቍረጥ ነው። ለአርባ ምንጭ ሰው ይህ አያስቸግርም፤ ፀሐይ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ማዶ ትወጣለችና። (አባያ በደለሉ ምክንያት ቡናማ፥ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስለ ሆነ፥ ጎረቤታሞቹን ሐይቆች አንድ ሠዓሊ የቀባቸው አይመስሉም።)

ወጣቱ የሸማኔውን ዱንጉዛ በቀይ፥ በቢጫና በጥቁር አስጊጦ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ፥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ ለኖሩ ለአንድ ሽማግሌ ካህን አሳያቸው። እርሳቸውም ብዙ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ ብርሃኑ ከምሥራቅ ከሆነ፥ ከሁሉ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበችው ይህች ሴት ስለ ምን ጠቆረች?» አሉት።

«አባ፥ ዳር ስለ ተቀመጠች ነው።»

«ዳር መቀመጧን ፀሐይ ታውቃለችን?»

በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፥ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላ እየተባሉ፥ ማላ ከሚባሉት ጋር በጋብቻ ሳይቀላቀሉ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ወጣቱ ይህን በልቡ አስቦ አላደረገውም፤ እጁ ግን አደረገው፤ ይህም ታስቦ ከሚደረገው ይልቅ ያስፈራል።

ካህኑ ስለ ቀደሙት ሠዓልያን ነገሩት። በፊተኛው የጎንደር አሣሣል ገላ እምብዛም ጥላ አልነበረውም፤ ከ1723 ዓ.ም. ወዲህ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ግን ፊትን በጥላ ማለስለስ እየበዛ ሄደ። ዳሩ ግን በሁለቱም ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲሣል፥ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን ይሣላል። «እኛ የምንፈርድበትን አውቀን እንፈርድበታለን፤ አንተ ግን ሳታውቅ ፈረድህ» አሉት።

ወጣቱም ያን ሌሊት ጥላውን ፋቀው። ግራጫ ጥላ በጠይም ገላ ላይ ሲባዛ አመድ ያስመስለዋልና፥ በምትኩ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀለም መረጠ፤ በጉንጯና በግንባሯ ላይ የጠዋቱን ብርሃን አሳረፈባት። ከዚህ በኋላ ነው፥ ጨለማው ሸፍኖት የነበረው ነገር የታየው፤ ነዳፊው ሴቲቱን በጎኗ ስለ ነደፋት አንድ ዓይን ብቻ ነበራት።

መስመሩ የሌላ ሰው ሥራ ነው፥ ቀለም ሰጪ አይነካውም። ስለዚህ ወጣቱ ዋጋውን ሳይቀበል ሥዕሉን ለነዳፊው መለሰና፥ «ፊቷን ወደ እኛ ያዙሩልን» ብሎ ጻፈለት። መልሱ ገና አልደረሰም።