ቶም ለምን አይሄድም?

«ቶም አ ላ ፌርም» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ይኼ ልጅ ለምን አይሄድም? ሥራ አለው፣ ሞንትሪያል ውስጥ ኑሮ አለው፣ በመኪናው ነው የመጣው። ከቀብሩ በኋላማ መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ማንም ሳያስገድደው መሪውን አዙሮ ተመለሰ። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ «ኧረ ውጣ! ኧረ አሁን ሩጥ!» ይላል። ቶም ግን የሟቹን ወንድም ላሞች ያልባል።

ፊልሙን ለማየት ያሰባችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። ታሪኩን ደብቄ ስለሱ የምጽፍበት መንገድ አልታየኝም።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ የኬቤኩ ዛቪዬ ዶላን አራተኛ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቬኒስ ላይ ሲታይ ዶላን ገና የ24 ዓመት ልጅ ነበር። ራሱ አዘጋጅቶት፣ ራሱ ቶምን ሆኖ ተጫውቶበት፣ የዓለም አቀፍ የፊልም ሃያስያን ማኅበርን ሽልማት ይዞ ተመለሰ። መነሻው የሚሼል ማርክ ቡሻር የመድረክ ተውኔት ነው። ቶም ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የከተማ ልጅ ነው። ፍቅረኛው ጊዮም ሞቶበት ለቀብር ወደ ገጠር፣ ወደ ሟቹ ቤተሰብ እርሻ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ እናትየዋ አጋት ማን እንደሆነ አታውቅም። ልጇ ወንድ እንደሚወድ ማንም አልነገራትም፤ ሣራ የምትባል ፍቅረኛ እንዳለችው ነው የምታውቀው። የዚህ ውሸት ዘበኛ ታላቅ ወንድሙ ፍራንሲስ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ቶም በተኛበት መጥቶ ይይዘውና ትእዛዙን ይሰጣል፦ አፍህን ትዘጋለህ፣ ቀብሩ ላይ ጥሩ ጥሩውን ትናገራለህ፣ ከዚያ ከዓይኔ ትጠፋለህ።

ቶም ቀብሩ ላይ መናገር አቃተው። ዱላው ከዚያ ተጀመረ።

ብዙ ተመልካች ለዚህ ሁሉ «ስቶክሆልም ሲንድረም» የሚል ስም ይሰጥና እፎይ ይላል። የታገተ ሰው የአጋቹ ወዳጅ ይሆናል፣ አለቀ። ስህተት ነው አልልም፤ ግን ሰውየው ሐዘንተኛ መሆኑን ያስረሳል። ቶም እዚያ እርሻ የደረሰው ታፍኖ አይደለም፤ ሊያለቅስ ነው የሄደው። የሚያለቅስበት ቦታ ግን አላገኘም። እኛ አገር ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ማን ዘንድ ሄዶ እንደሚያቅፍ፣ ማንን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንደሚል ያውቃል። ሚስት ቦታ አላት፣ እናት ቦታ አላት፣ የእድር ሰው እንኳ ቦታ አለው። ቶም «የሥራ ባልደረባ» ተብሎ ነው የተቀመጠው። ለሥራ ባልደረባ የተፈቀደው ሐዘን ደግሞ ግፋ ቢል አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኬቤክ በዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ምክንያት ሰውን ማግለልን እ.ኤ.አ. በ1977 በሕግ ስትከለክል ከካናዳ ክፍላተ ሀገር የመጀመሪያዋ ነበረች፤ እንዲህ ያለውን ጋብቻም በ2004 ፈቅዳለች። ጊዮምና ቶም ፈልገው ቢሆን ኖሮ ማዘጋጃ ቤት ሄደው መጋባት ይችሉ ነበር። ያ ሕግ ግን የአጋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ድረስ አልደረሰም። እዚያ የሚገዛው «ሰው ምን ይለናል» ነው፤ ይህን ሕግ ደግሞ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን እንዲህ ያለውን ግንኙነት በአንቀጽ 629 ወንጀል ብሎ በእስር በሚያስቀጣበት አገር ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ፊልሙን ሲያይ «ይኼ የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። ገመናን የመሸፈን ጥበቡ ግን አንድም ሳይቀር የምናውቀው ነው።

እና ለምን አይሄድም? የእኔ መልስ ይህ ነው። ጊዮም የሚባል ሰው በቶም ዘንድ እንዴት እንደተወደደ ከሞላ ጎደል የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ፍራንሲስ ነው። ይጠላል፣ ይመታል፣ ግን ያውቃል። ለቶም «አንተ የሱ ነበርክ» ብሎ በድርጊቱ የሚመሰክርለት የሟቹ ጠላት ብቻ ነው የቀረው። ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ደም፣ ያንኑ ልጅነት የያዘውም እሱ ነው። እናቲቱ ስታቅፈው የምታቅፈው ባልደረባውን ነው፤ ፍራንሲስ ሲመታው ግን የሚመታው የጊዮምን ፍቅረኛ ነው። አስቀያሚ ሒሳብ ነው፤ የፊልሙ ጨለማም ለእኔ እዚህ ላይ እንጂ በቆሎው ማሳ ውስጥ ያለው ድብደባ ላይ አይደለም።

አንድ የምቃወመው አስተያየት አለ። ሁለቱ ወንዶች ጎተራ ውስጥ ታንጎ የሚደንሱበትን ትዕይንት ያየ ሰው ወዲያው «አሃ፣ ፍራንሲስ ራሱም እንደዚያው ነው፤ ስለሚደብቅ ነው የሚጠላው» ይላል። ፊልሙ በሩን ክፍት መተዉን አልክድም፤ ፒዬር ኢቭ ካርዲናልም ፍራንሲስን የተጫወተው ያንን በር እየገፋ ነው። ግን ይህ ትርጉም ሲደጋገም ምን እንደሚሠራ አስቡት። የሚጠላ ሁሉ በድብቅ ከሚጠላቸው አንዱ ነው ካልን፣ ጥላቻውም የነሱው የቤት ውስጥ ጣጣ ሆነ ማለት ነው። ሌሎቻችን ነጻ ወጣን። ፍራንሲስ ግን ጥላቻውን ብቻውን አላመነጨውም። ለመንደሩ ነው ዘብ የሚቆመው። ቡና ቤት ውስጥ አሳላፊው ለቶም የሚነግረውን ታሪክ አስታውሱ፤ ስለ ጊዮም አንድ ነገር ሊናገር የሞከረን ወጣት ፍራንሲስ አፉን ይዞ ፊቱን ቀድዶታል። መንደሩ ይህን ያውቃል። ቡና ቤቱም ከዚያ ወዲህ አያስገባውም። አንድም ሰው ግን ለአጋት «ልጅሽ እንዲህ አደረገ፣ በዚህ ምክንያት» አላላትም።

ያ የቡና ቤት ትዕይንት ለእኔ ከማሳደዱ ሁሉ የበለጠ ያስፈራል። ደም የለም፣ ጩኸት የለም፤ ሰውየው እንደ ማንኛውም የሰፈር ወሬ ነው የሚያወራው። በሌሎቹ ቦታዎች ዶላን እጁን ያከብዳል። ፍርሃቱ ሲያይል ስክሪኑ ከላይና ከታች እየጠበበ ይመጣል፤ ይህን የወደዱለት አሉ፣ እኔ ግን ብልሃቱን ሳየው ከፍርሃቱ ወጣሁ። ሙዚቃውም በቫዮሊን ይጮኻል። (የሙዚቃው ደራሲ ገብርኤል ያሬድ ነው፤ ስሙን ሰምታችሁ የእኛ ሰው ነው ብላችሁ እንዳትደሰቱ፣ ሊባኖሳዊ ነው።) የሆሊውድ ሪፖርተር ሃያሲ ደግሞ ካሜራው ከዶላን ፊት አልላቀቅ ማለቱን ራስን ማምለክ ብሎ ነቅፎታል፤ ዶላንም በትዊተር ስድብ መለሰለት። ነቀፋው ግማሽ እውነት አለው። ግን ስለ ፍቅሩ ማውራት የተከለከለ ሐዘንተኛ ከፊቱ በቀር የሚናገርበት ምን አለው?

አይደለም፤ አንድ ሌላ መናገሪያ አለው፣ እሱም ሣራ ናት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቶም የሣራን መልእክት ለአጋት የሚያደርስ መስሎ የራሱን ናፍቆት በሷ አፍ ይናገራል። እዚያ በሌለች ሴት ስም የሥጋውን ነገር ሳይቀር ያወራል፣ እናትየዋም በደስታ ትሰማለች፣ ትስቃለች። እዚህ ላይ የሣቁ ተመልካቾች አሉ፤ ትዕይንቱም ያስቃል። ከፊልሙ ሁሉ ቶም ሐዘኑን ሙሉ በሙሉ ያወጣበት ቦታ ግን ይህ ነው፤ ያወጣውም ራሱን ደምስሶ ነው።

ስለ አጋት የሚደረገው ክርክር የሚጀምረውም ከዚያው ጠረጴዛ ነው። ገሚሱ «ምስኪን፣ ምንም አታውቅም» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ታውቃለች፣ አውቃ ነው የምትተኛው» ይላል። ሊዝ ሮይ ሁለቱንም በአንድ ፊት ላይ ይዛ ነው የተጫወተችው። እኔ ታውቃለች ከሚሉት ነኝ፤ ምክንያቴም የምትሰማበት አኳኋን ነው። ስለማታውቃት ምራት የሚነገራት እናት እንደዚያ አትስገበገብም፤ አታፍርም ወይ? አጋት ግን ከቶም አፍ ላይ ዓይኗን አትነቅልም፣ ጨምርልኝ ትላለች። ማን እየተናገረ እንደሆነ ገብቷታል፤ ብትጠይቅ ግን ንግግሩ ይቆማል፣ ፍራንሲስም በሩ ላይ አለ። ስለዚህ ትስቃለች።

ተሳስተሻል የምትሉኝ ካላችሁ ትዕይንቱን ደግማችሁ እዩትና ኑ፤ በዚህኛው ላይ በቀላሉ አልረታም።